መርፌና ክር፦ ያቺ የደበዘዘች ነገር መርከብ ናት

ባለፈው እትም የሳሎኔን ግድግዳ ፎቶ አውጥቼ ነበር። ያወጣሁት ስለ መጋረጃው ለማውራት ነው። መጋረጃውን ግን ማንም አላየልኝም። ሁላችሁም ከሶፋው በላይ የተሰቀለውን፣ አንድ ሰውዬና ሦስት ልጆች የተሳፈሩበትን የጀልባ ጥልፍ አይታችሁ «ሥዕሉ የማን ነው? ንድፉስ ከየት ተገኘ?» ብላችሁ ጻፋችሁ። እሺ፣ ተሸነፍኩ። ዛሬ ገጹ በሙሉ የዚያ ሠዓሊ ይሁን። ዊንስሎው ሆመር ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ። ሆመር በ1836 ቦስተን ተወለደ። እናቱ በውሃ ቀለም ትሥል ስለነበር የመጀመሪያ አስተማሪው እሷ ናት። በ19 ዓመቱ ገደማ እዚያው ቦስተን አንድ ማተሚያ ቤት ሙያ ለመማር ገባ። ኋላ ሃርፐርስ ዊክሊ ለሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ ሥዕል እየሠራ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጦር ሠፈር ድረስ ሄዶ ወታደሩን አየ። የመጨረሻ ዓመታቱን ሜይን ውስጥ ፕራውትስ ኔክ በሚባል የባሕር ዳር ቦታ ብቻውን ኖረ፤ በ1910 እዚያው ሞተ። ዓሣ አጥማጅ፣ ገበሬ፣ የገጠር ልጅ፣ ማዕበል ይሥላል። ሰው አያሳምርም። እኔ የምወድለት ይኸን ነው። ለመርፌ የሚያስቸግረውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ።

«እትዬ መርፌ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በንጉሡ ጊዜ ምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ዘንድሮ 80 ዓመት ይሞላቸዋል። ያንን የጀልባ ሥዕል ልጠልፍላቸው ብዬ ንድፉን ገዛሁ። 300 በ190 ካሬ ነው፣ 90 ዓይነት ቀለም ይጠይቃል። ልደታቸው ስምንት ወር ቀርቶታል። ይደርስልኛል? — ሳ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

እህቴ፣ ቁጭ ብለን እናስላው። በመስቀል ጥልፍ እያንዳንዱ ካሬ አንድ ስፌት ነው፤ 300 በ190 ማለት 57,000 ስፌት ነው። እኔ ስልክ ካላነሳሁ፣ ቡና ካላፈላሁ፣ በሰዓት 120 ያህል እጠልፋለሁ። በዚህ ሒሳብ 475 ሰዓት ይፈጃል። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ብትቀመጪ ስምንት ወር ነው። ግን ያለ አንድ ቀን እረፍት። ያለ ክርስትና፣ ያለ ሰርግ፣ ያለ ልቅሶ። አንቺ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሽው። የትኛው ቅዳሜሽ ነው ባዶ?

ስለዚህ አሳንሺው። 200 በ127 ካሬ ይሁን። 25,400 ስፌት ይሆናል፤ በቀን አንድ ሰዓት ብትሠሪ ሰባት ወር ነው። አይዳ በሚባለው፣ ካሬ ካሬ ሆኖ በተሸመነ ጨርቅ፣ በአንድ ኢንች 14 ካሬ ባለው ላይ 36 በ23 ሴንቲሜትር ያህል ይወጣል። ጨርቁን ግን 51 በ38 አድርገሽ ቁረጪ። ፍሬም የሚያስገባው ሰው ጠርዝ ይፈልጋል። ጠርዝ ያልተውኩበት አንድ ሥራ አለኝ፤ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ቀለሙ። 90 ቀለም የሆመር ጥፋት አይደለም፣ የኮምፒውተሩ ነው። ፕሮግራሙ ፎቶውን በካሬ ይከፋፍላል። የእያንዳንዱን ካሬ ቀለም አይቶ ዲኤምሲ ከሚባለው የክር አምራች ዝርዝር ውስጥ በጣም የሚቀርበውን ቁጥር ይሰጥሻል። ዲኤምሲ ደግሞ 500 ያህል ቀለም አለው። አንቺ አንድ ደመና በምታይበት ቦታ እሱ አሥራ አንድ ግራጫ ያያል። ክሮቹን መስኮት ጋ፣ በቀን ብርሃን፣ ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። ከአንድ ክንድ ርቀት መለየት ያቃተሽን አንድ አድርጊያቸው። እኔ እንዲህ እያልኩ 38 ላይ ደርሻለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ልምከርሽ። ንድፉ ለጀልባው ጥላ 310 ይልሻል፤ ድፍን ጥቁር ነው። ተሠርቶ ሲያልቅ እንደ ጉድጓድ ያፈጣል። በ3371 ቀይሪው። ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ነው፤ እንጨት እንጨት ይሸታል።

የልጆቹ ፊት በዚህ መጠን ጥቂት ካሬ ብቻ ነው። ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ ብለሽ አትድከሚ። ባርኔጣና ጥላ ይበቃል። አንዷን ጥቁር ስፌት ለዓይን ብለሽ ብታስገቢ ልጁ የተቆጣ ይመስላል። ሞክሬ ነው የምነግርሽ።

ሥዕሉ ራሱ ደግሞ ጎረቤትሽ ነው። ዋሽንግተን፣ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት፣ ዌስት ቢልዲንግ። መግቢያው ነጻ ነው። እኔ ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ ቢጫውን የባቡር መስመር ይዤ አርካይቭስ ወረድኩ፣ የክር ናሙናዬን በቦርሳዬ ይዤ። ስልኬ ላይ ባሕሩ ሰማያዊ ነበር። ግድግዳው ላይ ግን አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ የደፈረሰ ውሃ ነው። የገዛሁትን ስድስት ጥቅል ሰማያዊ ክር ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

የሥዕሉ ስም ብሪዚንግ አፕ ነው። ሌላም ስም አለው፤ «መልካም ነፋስ» ልትዪው ትችያለሽ። ሆመር በ1873 ጀምሮ በ1876 ጨረሰው። ለአንዲት ጀልባ ሦስት ዓመት! አንቺ ስምንት ወር አነሰኝ ትያለሽ። ሦስት ዓመት ምን ሲሠራ ከረመ? አብዛኛውን ሲያጠፋ። ባለሙያዎች ሥዕሉን በኢንፍራሬድ፣ ከቀለሙ ሥር ያለውን በሚያሳይ ጨረር፣ ሲያዩት ከምሰሶው አጠገብ አንድ ሌላ ልጅ ነበር። አራተኛ ልጅ። ሆመር ሠርቶት፣ አይቶት፣ በቀለም ሸፈነው። ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ደግሞ መልሕቅ አስቀመጠ። ሠዓሊው ራሱ ሙሉ ልጅ ካጠፋ አንቺ ሃምሳ ቀለም ብታጠፊ ማን ይቆጣሻል?

መልሕቁን ግን እንዳትነኪው። ፈረንጆቹ ዘንድ የተስፋ ምልክት ነው። ንድፉ ሲያንስ መልሕቁ የተጠማዘዘ ትል ይመስላል፤ ዙሪያውን በአንድ ነጠላ ክር (ከጥቅሉ ስድስት ነጠላ አንዱን ብቻ ለይተሽ) በኋላ ስፌት፣ ማለትም መርፌውን ወደ ኋላ እየመለስሽ በምትሠሪው የመስመር ስፌት፣ አውጪው። ሌላም ነገር ልብ በይ። መሪውን የያዘው ልጁ ነው። ትልቁ ሰውዬ የሸራውን ገመድ ነው የያዘው። አባትሽ የባሕር ሰው ናቸው፣ ማንም ሳይነግራቸው መጀመሪያ የሚያዩት ይኸን ነው። የልጁ እጅ ከመሪው ዘንግ ላይ ተንሸራቶ ከወጣ አለቀልሽ።

«እትዬ፣ ስሜን አደራ እንዳታወጪው፤ ጓደኞቼ ከሰሙ ሙድ ይይዙብኛል። አርሊንግተን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ነኝ፣ ሌሊት። ከስድስት ሰዓት በኋላ መኪና አይገባም። ስልክ ላይ ከምፈጥ ብዬ ጥልፍ ጀመርኩ። አሁን ዘ ገልፍ ስትሪምን ይዣለሁ፤ ጥቁሩ ሰውዬ፣ የተሰበረችው ጀልባ፣ ሻርኮቹ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከላይ በስተግራ፣ አድማሱ ጋ፣ ሃያ የማትሞላ ግራጫ ስፌት አለች። ቆሻሻ ነው የምትመስለው። ብዘላት ምን ይላል? ደግሞ ባሕሩ ውስጥ እዚህም እዚያም ቀይ ነገር አለ። የኮምፒውተር ስህተት ይሆን?»

ወንድሜ፣ እንዳትዘላት! ያቺ የደበዘዘች ነገር መርከብ ናት።

በሥዕሉ ውስጥ ለሰውየው የቀረችለት እሷ ብቻ ናት። ምሰሶው ተሰብሯል። ሻርኮቹ ጀልባዋን ከበዋል። በስተቀኝ ከባሕር ወደ ሰማይ የቆመ የአውሎ ነፋስ ዓምድ አለ። ጀልባዋ ላይ የተረፈው ጥቂት ሸንኮራ አገዳ ነው። በስተግራ፣ በጣም ርቃ፣ ሸራዋን የዘረጋች መርከብ ትታያለች። ሰውየው ወደ እሷ አያይም። ትመጣለች፣ አትመጣም፣ ሆመር አይነግርህም። በ1899 የሣለው ነው። ያኔም ሰው አላስቀመጠውም። ሥዕሉን ያዩ ሴቶች «ሰውየው መጨረሻው ምን ሆነ?» እያሉ ቢጨቀጭቁ፣ ሆመር ለሥዕል ነጋዴዎቹ ደብዳቤ ጻፈ። ሰውየው ይድናል፣ ወዳጆቹ ጋ ይመለሳል በሏቸው፣ አለ። እያሾፈ ነው እንጂ ከልቡ አልነበረም። በ1906 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገዛው፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

አየህ፣ ንድፍ የሚያወጣው ፕሮግራም መርከብና አቧራ አይለይም። ለእሱ ሁለቱም ግራጫ ናቸው። «ነጠላ ስፌቶችን አጽዳ» የሚለውን ቁልፍ ስትጫን አንዳንዱ ፕሮግራም መርከቧን ጠርጎ ያወጣታል። እነዚህን ብቻቸውን የተበተኑ ስፌቶች እኔ «የፈሰሰ ጤፍ» እላቸዋለሁ። አብዛኛው በእርግጥ ጤፍ ነው፤ ጥረገው፣ አጠገቡ ባለው ቀለም ሙላው። ግን ከመጥረግህ በፊት ሥዕሉን እይ። ሜትሮፖሊታን ከ2017 ጀምሮ የመብት ገደብ የሌለባቸውን ሥራዎች ፎቶ በነጻ ለቋል፣ በትልቁ። አውርደህ ስልክህ ላይ እስኪበቃህ አስፋው። የንድፍህን ካሬና የሥዕሉን ቦታ እያመሳከርክ ሂድ። ሌሊት ሥራ የሌለው ሰው ይኼን ካልሠራ ማን ይሠራዋል?

መርከቧን ስትጠልፍ እንደ ሌላው በሁለት ነጠላ ክር አትሥራት። አንድ ነጠላ ክር፣ ግማሽ መስቀል ብቻ። ማለትም አንዱን ሰያፍ ትወጋና ሁለተኛውን ትተወዋለህ። ጨርቁ በስሱ ይታያል፣ ጭጋግ ይሆናል። 932 ጥሩ ቀለም ነው፣ ሰማያዊ የነካው ግራጫ። እኔ መጀመሪያ በሁለት ነጠላ ሠርቻት መርከቧ ሰውየውን ልትገጨው የመጣች መስላ ፈታኋት።

ቀዩ ስህተት አይደለም። ሆመር ራሱ ነው የነሰነሰው። እዚህ ላይ የኔን ጉድ ልንገርህ። ከአንድ ሱቅ ርካሽ ቀይ ክር ገዛሁ፤ ቁጥር የለው፣ ስም የለው። ጨርሼ ሳጥበው ቀዩ ለቀቀ። ባሕሩ ይሁን ግዴለም፣ ሰማዩ ሮዝ ሆነ። ሦስት ሳምንት ሰማይ ስፈታ ከረምኩ። አሁን ማንኛውንም ቀይ ከመጀመሬ በፊት ቁራጩን አርሼ ነጭ ጨርቅ ላይ እጫነዋለሁ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከቀረ እገባለሁ፣ ካልሆነ ክሩ ለገና ዛፍ ይሆናል።

ጀልባዋ ላይ ደግሞ ጽሑፍ አለ፣ «አና» እና «ኪ ዌስት» የሚል። በመስቀል ጥልፍ አይነበብም። በአንድ ነጠላ በኋላ ስፌት ጻፈው።

ስለ ጓደኞችህ ግን... ኧረ ተወኝ! አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሄደው ይዩ። ሸማኔው ወንድ፣ በመኪና የሚጠልፈውም በአብዛኛው ወንድ ነው። የእናቶቻቸውን ቀሚስ ማን የጠለፈው መስሏቸው ነው?

«እህቴ፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። በሳምንት አንድ ቀን አርፋለሁ። መወጠሪያ የለኝም፣ ብዙ ክር ለመግዛትም አቅሙ የለኝም። ከዚህ ሰውዬ ሥዕሎች ለጀማሪ የሚሆን አለ? — የ.»

አለ፣ ያውም ከሁሉ የሚያምረው። ስሙ ዘ ቬተራን ኢን ኤ ኒው ፊልድ ነው፤ «የቀድሞው ወታደር በአዲስ ማሳ» እንበለው። በ1865 ነው የተሣለው፣ ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ስንዴ ያጭዳል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ከላይ የሰማይ ሰቅ፣ መሐል የቆመ ስንዴ፣ ከታች የታጨደ ስንዴ። ሦስት ሰቅ ነው። ፊት የለም፣ ጣት የለም፣ ማዕበል የለም።

120 በ76 ካሬ አድርጊው። 9,120 ስፌት ነው፤ በ14 ካሬ ጨርቅ ላይ 22 በ14 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ የመጽሐፍ ያህል። 12 ቀለም ይበቃሻል። አንድ የዲኤምሲ ጥቅል 8 ሜትር ነው፣ ስድስት ነጠላ አለው። በሁለት ነጠላ ስትሠሪ ከአንዱ ጥቅል 1,800 ገደማ ስፌት ይወጣል። ስለዚህ ከየቀለሙ አንድ አንድ ግዢ፤ ለስንዴው ዋና ቢጫ ብቻ ሁለት። መወጠሪያ ባይኖርሽ ምንም አይደል። ጨርቁን በእጅሽ ይዘሽ ጥለፊ፣ ክሩን ብቻ አታጥብቂው። የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር ዙሪያውን በመርፌ ጠምጥሚው። ክርሽን ከክንድሽ ርዝመት አታስበልጪ፤ ረጅም ክር የሰነፍ ነው፣ ይቋጠራል።

ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ የተጣለ ነገር ታያለሽ። የወታደር ልብሱና ኮዳው ነው። በዚህ መጠን ምንነቱ ላይለይ ይችላል፣ ግን አትተዪው። እሱ ከሌለ ሰውየው ተራ አጫጅ ነው። ማጭዱም ታሪክ አለው። ሆመር መጀመሪያ ነዶ የሚሰበስብ ማቀፊያ ያለው ማጭድ ሠራ። ከዚያ ማቀፊያውን በቀለም ሸፍኖ አንድ ስለት ብቻ ተወ። የተሸፈነው ዛሬም በስሱ ይታያል። ንድፍሽ ላይ ከማጭዱ አጠገብ አንዳንድ ጠቆር ያሉ ካሬዎች ካየሽ እሱ ሊሆን ይችላል። እሱን እንኳ ጥረጊው፤ ሆመርም ጠርጎታል።

አሥራ ሁለት ቀለም መግዛትም ከከበደሽ አንድ ጥቁር ክር ብቻ የሚፈልግ መንገድ አለ። ሆመር ለሃርፐርስ ዊክሊ የሠራቸው ሥዕሎች በእንጨት ተቀርጸው በጥቁር መስመር ብቻ የታተሙ ናቸው። ጥላው ሳይቀር መስመር ነው። አንዱን በትልቁ አሳትሚ፣ መስኮት ላይ ለጥፈሽ በአቡጀዲ ላይ በእርሳስ ገልብጪ። ከዚያ መስመሩን በኋላ ስፌት መከተል ብቻ ነው። ካሬ መቁጠር የለ፣ ቀለም መምረጥ የለ። ሁሉንም መስመር ግን አትከተዪ፣ ታብጃለሽ። ዋናውን ዙሪያና ጥላውን ያዢ።

«ሽሮ ሜዳ አካባቢ አነስተኛ የጥልፍ ሱቅ አለኝ። የኤድዋርድ ሆፐርን የሌሊት ካፌ ሥዕል ጠልፌ መሸጥ እችላለሁ? — ከ.፣ ከአዲስ አበባ»

በዚህኛው ተጠንቀቂ። ናይትሆክስ የተሣለው በ1942 ነው፤ ቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ይገኛል። ሆፐር የሞተው በ1967 ነው። ሥራዎቹ ባለመብት ሊኖራቸው ይችላል፣ ለንግድ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አጣሪ። ሌላው የምትወዱት የአሜሪካ ሠዓሊ፣ አንድሩ ዋይዝ፣ በ2009 ነው ያረፈው፤ እሱም እንዲሁ ነው። ለራስሽ ቤት ጠልፈሽ መስቀልና ሱቅ ውስጥ መደርደር አንድ አይደለም። ሆመር ግን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሥዕሉ ነጻ ነው።

ልብ በዪ፣ ነጻ የሆነው ሥዕሉ ነው። ንድፉን ቁጭ ብላ ያወጣች ሴት ካለች ንድፉ የሷ ነው። ፎቶ ኮፒ አድርጎ መሸጥ ነውር ነው። ከሱም ጠልፎ ለመሸጥ የምትለውን አንብቢ፤ አንዳንዷ ትፈቅዳለች፣ አንዳንዷ አትፈቅድም። ከሙዚየሙ ነጻ ፎቶ የራስሽን ንድፍ ብታወጪ ጣጣ የለውም።

«ስናፕ ዘ ዊፕ የሚባለውን፣ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሮጡበትን፣ ሁለት ንድፍ አገኘሁ። አንዱ ተራራ አለው፣ አንዱ የለውም። የትኛው ነው ሐሰተኛ? — ብ.፣ ከስቶክሆልም»

ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። ሆመር በ1872 ሁለት ጊዜ ሠርቶታል። ተራራ ያለው ትልቁ ኦሃዮ ውስጥ ያንግስታውን፣ በትለር ኢንስቲትዩት ነው። ትንሹ ሜትሮፖሊታን ነው። ለመርፌ ትንሹን እመርጣለሁ፤ ከልጆቹ ጀርባ ሰማይ ሲሆን ጭንቅላታቸው ጎልቶ ይወጣል። ተራራው ጋ ባርኔጣቸው ይጠፋል። ቀዩን ትምህርት ቤት ስትጠልፍ ከላይ ስለ ቀይ ክር ያልኩትን አስታውስ።

«ልጄ፣ እንዲህ እያንዳንዱን ካሬ ስትቆጥሪ ዓይንሽ አያልቅም? እኛ አገር ቤት ንድፉን ጨርቅ ላይ ሥለን ሞልተን በሳምንት እንገላገል ነበር። ስንዴ ለመጥለፍ ካሬ ምን ይሠራል? ደግሞ የጀርባውን ፎቶ ለምን አላወጣሽም? እናቴ ጥልፍ ስታይ መጀመሪያ ገልብጣ ነበር። — ከኔታንያ፣ እስራኤል»

እማማ፣ ደብዳቤዎን አንብቤ ሳቅኩ፣ ከዚያ አፈርኩ፣ ከዚያ መርፌ አነሳሁ። እውነትዎን ነው። የወታደሩን ማሳ ባለፈው ዓመት በካሬ ሠርቼው ነበር። ስንዴው የተደረደረ ጡብ ነው የሚመስለው። መስቀል ጥልፍ አራት ማዕዘን ነው፤ ስንዴ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ነው።

እርስዎ እንዳሉት ሞከርኩ። አቡጀዲ ወጠርኩ፣ በእርሳስ ሦስት ሰቅ አሰመርኩ። ለቆመው ስንዴ ሦስት ቢጫ ይዤ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ረዘም ረዘም ባለ ስፌት ሞላሁ። አንዱን ከአንዱ አጠላልፌ፣ ጫፎቹን እኩል ሳላደርግ። ሆመርም ብሩሹን ወደ ላይ የጎተተው ይመስለኛል። ለታጨደው ክሩን አጋደምኩት፤ በዚያው ቢጫ፣ አቅጣጫው ብቻ ተቀይሮ። ማመን አቃተኝ። ቀለም ሳይቀየር የቆመውና የወደቀው ተለየ። ብርሃን ሲመታው ደግሞ የጋደመው ጨለም ይላል። ነጭ ሸሚዙን ብቻ በካሬው ተውኩት፣ መጨማደዱ ስለሚያምር። የፈጀብኝ ዘጠኝ ምሽት ነው። ፎቶውን ከዚህ ገጽ ግርጌ ያገኙታል፤ የወ/ሮ የ. የዱባዩዋም ይመልከቱት፣ ከካሬው ይቀላል።

የጀልባው ጀርባ ግን እማማ... ይለፈኝ። ሰማዩ ጋ ሦስት ቋጠሮ አለ። ከምሰሶው ወደ መልሕቁ ክር ሳልቆርጥ ዘልዬ የሄድኩበት ቦታም አለ፣ አራት ጣት ያህል። ፍሬሙ ከኋላ በካርቶን ተዘግቷል፤ እኔም አልከፍተውም።